ከፍራንክፈርት ወደ ጆሃንስበርግ፣ በድሬዳዋና በሐረር በኩል

ከጉዞው በፊት

ወንድሜ ለልጁ ክርስትና ጆሃንስበርግ ሲጠራን፣ ከፍራንክፈርት የሚመቸን መንገድ በአዲስ አበባ በኩል ነበር። ማልዶ ቦሌ መድረስ፣ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ መብረር። እንዲህ ባለው ትራንዚት ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! አገሬ ከመስታወቱ ማዶ እየታየችኝ ከመስታወቱ ወዲህ ቡና ጠጥቼ የሄድኩባቸው ጠዋቶች እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል። አሁን ልጄ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ የተወለድኩባትን ድሬዳዋን በስልክ ከምትሰማው ከአክስቴ ድምፅ በቀር አታውቃትም። አክስቴ ደግሞ ሰማንያን ተሻግራለች። ትኬት ሻጩን «ሁለተኛውን በረራ ወደ ቅዳሜ ብንገፋው ዋጋው ምን ያህል ይጨምራል?» ብዬ ጠየቅኩት። ጭማሪው ከፈራሁት በጣም ያነሰ ነበር፤ ወዲያው ቆረጥን።

ይህን ማድረግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ልብ ሊላት የሚገባው የ24 ሰዓቷን ወሰን ነው። በዓለም አቀፍ ትኬት ላይ በሁለት በረራዎች መካከል ያለው ጊዜ ከ24 ሰዓት ካላለፈ ትራንዚት ነው፤ ሻንጣውም አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ እስከ መድረሻው ይላካል። ካለፈ ግን ስቶፕኦቨር ይባላል፤ ሻንጣን መሀል ላይ መረከብ ይመጣል፣ የትኬቱም ዋጋ ሊለወጥ ይችላል። አየር መንገዱ በበረራ ሰዓት አለመገጣጠም ምክንያት ቦሌ ላይ ረጅም ሰዓት ለሚጠብቁ መንገደኞች ሆቴል የሚሰጥበት አሠራር አለው፤ ሰው በራሱ ፈቃድ ላራዘመው ቆይታ ግን አልጋውም ምግቡም ከራስ ኪስ ነው። እኔና ልጄ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ስላለን ቪዛ አላስፈለገንም። ካርዱ የሌለው የውጭ ፓስፖርት ያዥ ሳይነሳ በፊት ቪዛውን በኢንተርኔት ቢጨርስ ጠዋቱን ከሰልፍ ያድናል።

የድሬዳዋውን በረራ ከዋናው ጉዞ ጋር በአንድ ትኬት አስያዝኩት። ተለያይቶ ተቆርጦ አንዱ ቢዘገይ ሌላው አይጠብቅም፤ በአንድ ትኬት ላይ ከሆነ ግን መንገደኛውን የማድረሱ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ከድሬዳዋ መመለሻችንንም ከጆሃንስበርጉ በረራ በፊት በነበረው ምሽት አደረግኩት። በዚያው ጠዋት ተመልሶ ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ለመድረስ መሞከር ሙሉውን ቆይታ በጭንቀት ያስፈጃል።

የቀረው ምርጫ ነበር። ልጄ ላሊበላና ጎንደር አማራት፤ የአዲስ አበባ ጓደኞቼም «ቢያንስ አንዱን ቀን ለእኛ» አሉ። ሁሉንም በፍቅር እምቢ አልኩ። አጭር ቆይታን የሚያበላሸው ስስት ነው። አንድ አቅጣጫ ይዞ አንድ ዘመድ ቤት ለገባ ሰው ግን ጊዜው ይበቃል፤ ድሬዳዋና ሐረር ደግሞ በአንድ መንገድ የተሳሰሩ፣ አንዷ ያለሌላዋ የማትገባ ከተሞች ናቸው።

ሐሙስ

ቦሌ የደረስነው ሲነጋጋ ነው። ጓደኛዬ ከተርሚናሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ሳመችን፤ የክርስትናውን ስጦታ የያዘውን ትልቅ ሻንጣ ተቀበለችን፤ አንድ ስልክ በአገር ውስጥ ሲም ካርድ አዘጋጅታ ሰጠችንና ወደ ሥራዋ ሮጠች። እኛ በየጀርባችን አንድ አንድ ቦርሳ ብቻ አንግበን የአገር ውስጥ በረራ ወደሚነሳበት ተርሚናል ተሻገርን። እንዲህ ያለ ወዳጅ ለሌለው ሰው ሆቴሎችም ሻንጣ ያስቀምጣሉ፤ ዋናው ነገር ወደ ድሬ ሸክም ይዞ አለመውረድ ነው።

በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልጄ መስኮቱን አልለቀቀችም። አረንጓዴው ደጋ እያለቀ መሬቱ ወደ ቡናማና ወደ ነጭ አሸዋ ሲለወጥ «እዚህ ሰው ይኖራል?» አለችኝ። ጥቂት ቆይተን አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ አረፍን። ደጃዝማች ይልማ የራስ መኮንን ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ሲያርፉ ሐረርን ለአጭር ጊዜ ያስተዳደሩ። «አባ ጤና» የፈረስ ስማቸው ነው። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የድሬ ሙቀት ፊታችንን ገጨው። ልጄ ሹራቧን ስታወልቅ እኔ ልቤ ቦታውን ያገኘ መሰለኝ።

አክስቴ የምትኖረው ከዚራ በሚባለው የድሮ ሰፈር ነው። ባጃጁ ዛፍ ባጠላባቸው ቀጥ ያሉ መንገዶች ሲገባ፣ ቢጫና ነጭ የተቀቡትን የድሮ ቤቶች አንድ በአንድ እያሳየሁ ለፈለፍኩ። አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር።

«መጣሽ አቦ! መጣሽልኝ!»

ከዚያ እኔን ትታ ልጄን በሁለት እጇ ይዛ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ቁመቷን ያባትሽን አደረገችው። ነይ የኔ እናት፣ ነይ ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።»

ምሳው ሩዝ በሥጋ፣ ሳምቡሳና ከቀፊራ ገበያ የመጣ ፓፓያ ነበር። ከምሳ በኋላ «አሁን ማንም አይወጣም» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ይህ የድሬ ሕግ ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቀትር ላይ ሱቁም ይዘጋል፣ መንገዱም ባዶ ይሆናል፣ በርጫ፣ ማለትም የጫት መቃሚያ ያለው በርጫው ላይ፣ የሌለው ምንጣፉ ላይ ነው። ሌሊቱን በአውሮፕላን ላሳለፈ መንገደኛ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሰዓቱ አጭር ነው ብሎ በቀትር ፀሐይ ከመዞር ይልቅ መተኛት ምሽቱን ሙሉ ያደርገዋል። እኛም እንደ ድንጋይ ተኛን።

ስንነቃ አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ትንሽ ዘንቢል ይዛ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘናት።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«ሐረር ነዋ። እናንተ ስትሄዱ እኔ ምን ልሠራ እቀራለሁ?»

«ይደክምሻል።»

«ድካሙን ለእኔ ተይልኝ።»

ስለዚህ የኮንትራት መኪና ይዘን ሦስት ሆነን ወጣን። በሚኒባስም ይኬዳል፣ ርካሽም ነው፤ ግን ጊዜው ለተለካ ሰውና አዛውንት ለያዘ ኮንትራት ይሻላል፤ ደስ ያለው ቦታ ላይ ያስቆማል። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከበረሃ ወደ ደጋ መውጫ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንጀምር ጆሯችን ተደፈነ፣ መስኮት ከፈትን፣ ጥቂት ቆይተን ደግሞ ዘጋነው። ልጄ ወደ ኋላ ዞራ ድሬን ከላይ ስታያት ዝም አለች። የምድር ባቡሩ ሐረር ያልደረሰው በዚህ ተራራ ምክንያት መሆኑን የነገርኳት እዚህ ነው፤ በመጽሐፍ ቢነገራት ይህን ያህል አይገባትም ነበር።

ደንገጎ ላይ ከአዲስ አበባ ሐረር ከሚመጣው መንገድ ጋር ስንገናኝ፣ አክስቴ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቁልቢ አቅጣጫ ዞራ አማተበች። በወጣትነቷ ለታኅሣሥ 19 ከድሬ ቁልቢ ድረስ በእግሯ ትወጣ ነበር። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ስላሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ በባዶ እግራቸው ድንጋይ ተሸክመው ስለሚወጡ ተሳላሚዎች ለልጄ ስትነግራት፣ እኔ ጣልቃ አልገባሁም።

እኛ ወደ ግራ ታጠፍን። ሐረማያ ላይ መኪናውን አስቆምነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ይህ ሐይቅ ደርቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ለመስኖና ለከተሞች መጠጥ የሚሳበው ውኃ፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለልም ተባብረው አጠፉት። አሁን ውኃው ተመልሷል። ወፎች ነበሩበት። እንዲህ ያለ ነገር ሲመለስ ማየት ምንኛ ያስደስታል! ድጋሚ እንዳይጠፋ የሚለፉትን ሁሉ እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ አወዳይ፣ ጫቱ በእስር በእስር የሚሸጥበት፣ መኪናና ሰው የተቀላቀለበት ግርግር፤ ከዚያ ሐረር።

ማደሪያችን ጁገል በሚባለው፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ እንግዳ ከሚቀበል የሐረሪ ቤተሰብ ቤት ነበር። ከሆቴል ይልቅ ይህን የመረጥኩት ቤቱ ራሱ የሚታይ ስለሆነ ነው። ከበሩ ሲገባ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ነደባ ይሏቸዋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የተለየ ነው። ግድግዳው ላይ ስፌቶቹ በረድፍ ተሰቅለዋል። መደቡ የተቀባበት ቀይ አፈር በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ያደረገበት ጦርነት። የቤቱ እመቤት አክስቴን እጇን ይዘው ከፍ ያለው መደብ ላይ አስቀመጧት። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨዋታውን ቀጠሉ፤ በመሀሉ ሐረሪውም ገባ። ልጄ የትኛው ቋንቋ የቱ ጋ እንዳለቀ መለየት አቃታት።

ሲመሽ ወደ ፈላና በር ወረድን። ጅብ መጋቢው በቅርጫት ሥጋ ይዞ ተቀምጧል፤ ጅቦቹን እየጠራ ሲያጎርሳቸው ከጨለማው አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ክፍያውን አስቀድሞ መነጋገር ነው። ልጄ እንጨቱን በእጇ ይዛ ስታጎርስ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ትርኢቱ ለእንግዳ የሚታይ ሆኖ የቆየው ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹና 60ዎቹ ጀምሮ ነው፤ እኔን ግን ከትርኢቱ ይልቅ የሚገርመኝ ግንቡ ላይ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች መኖራቸው ነው። ከተማዋ ማታ ማታ ለጅብ መንገድ ትሰጣለች፤ እሱም ሌሊቱን ቆሻሻውን ጠርጎ ይወጣል። በአሹራ ቀንም ገንፎ ይሰጠዋል። ይህን ያህል ዘመን እንዲህ አብረው ኖረዋል።

ዓርብ

ቁርሳችን ፉልና ፈጢራ ነበር፤ ከዚያ በወተት የፈላ ቁጢ። ቁጢ የቡና ቅጠል ነው። ፍሬውን ለዓለም የሸጠች አገር ቅጠሉን ለራሷ አስቀርታለች። አክስቴ እመቤቲቱ ዘንድ ቀረች፤ እኔና ልጄ ከአስጎብኚ ጋር ወጣን። በመንገዶቹ ጥበት አስጎብኚ ጥሩ ነው፤ ለመጥፋት ጊዜ ላለው ሰው ግን መጥፋቱም ደስ ይላል፤ ጁገል ትንሽ ናት፣ ሄዶ ሄዶ ግንቡ ይመልሳል።

ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሠራው አሚር ኑር ነው። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር፤ ሐረሪዎቹ ለእያንዳንዱ የራሳቸው ስም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች፣ ማለትም የቅዱሳን ዚያራዎች፣ እንዳሏት ጽፏል። ከመስጊዶቹ ሦስቱ የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸው። ልጄ መቁጠር ጀምራ ነበር፤ ጥግ በዞርን ቁጥር አንዱ ስለሚመጣ ተወችው።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ታች፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወረድን። ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው ሲንጀራቸውን ይረግጣሉ፤ ጨርቅ ከወዲህ ሱቅ ተገዝቶ ከወዲያ በደቂቃዎች ይሰፋል። ልጄ ሻሽ ሊሆን የሚችል ቀጭን ጨርቅ መርጣ ጠርዙን አሰፋች። ለጆሃንስበርጉ ክርስትና ታስረዋለች። ግድር መጋላ ገበያ ላይ ጭልፊቶቹ ከሥጋ ሻጮቹ በላይ ይዞራሉ።

ረጅም ጊዜ የቆየነው በሸሪፍ ሙዚየም ነው። ቤቱ ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ነው። በእጅ የተጻፉ ቁርዓኖች፣ የሐረር አሚሮች ያስቀረጿቸው ሳንቲሞች፣ የሙሽራ ጌጦች፤ ከሁሉም የበለጠ የመጻሕፍቱ ጥገናና ድጉሰት። ይህን ሁሉ ከየሰዉ ቤት አንድ በአንድ የሰበሰበው አንድ የሐረር ሰው በራሱ ተነሳሽነት መሆኑን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የራምቦን ቤት በአጭሩ አየነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ እየሄደና እየተመለሰ ሐረር ውስጥ ነግዷል፤ በስሙ የሚጠራው ያማረ የእንጨት ቤት ግን ህንዳዊ ነጋዴ ከእሱ በኋላ ያሠራው ነው። የድሮዋ ሐረር ፎቶግራፎች ስላሉበት መግባቱ አይቆጭም። ሰዓት ያጠረበት ሰው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካለበት ግን ሸሪፍን ይምረጥ።

ለጁምዓ ሱቁ ሳይዘጋ ሐላዋና የተቆላ የሐረር ቡና ገዛን፤ አክስቴን ይዘን ወረድን። ደንገጎ ላይ ሹራባችንን እንደገና አወለቅን።

ድሬ ስንደርስ ቀትሩ ሊበርድ ጀምሯል። ከተማዋን የሚከፍለውን ደቻቱን በድልድይ ተሻገርን። ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይረማመድበታል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ግን ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል። አክስቴ ድልድዩ ላይ የጎረቤቶቿን ስም በሹክሹክታ ጠራች። ቀፊራ ገብተን የበሩን ቅስቶች አየን፣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በላን፣ ከዚያ ለጉዞው ሁሉ በልቤ ወደያዝኩት ቦታ ሄድን።

ቦታው የድሮው ባቡር ጣቢያ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቶርኖ ቤት፣ ማለትም የብረት መለዋወጫ በሚሠራበት ክፍል። ከጅቡቲ የተነሳው ሃዲድ እዚህ ሜዳ ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋም በዚያው ዓመት «አዲስ ሐረር» ተብላ ተወለደች። ሃዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ እ.ኤ.አ. 1917 ጠብቋል፤ በነዚያ ዓመታት ብዙ የኢትዮጵያ ቡናና ቆዳ እዚህ ነበር ባቡር ላይ የሚጫነው። ጣቢያው ፊት ላይ የፈረንሳይኛው ጽሑፍ አሁንም አለ። አስፈቅደን፣ ተከፍሎ፣ አንድ ጡረተኛ ሠራተኛ ውስጡን አስጎበኙን። ሊቶሪናው፣ ራሱን በሞተር የሚነዳው የመንገደኛ ፉርጎ፣ ቆሟል፤ ፉርጎዎቹ ሳር በቅሎባቸዋል፤ የቶርኖ ቤቱ ማሽኖች ግን ተጠርገው፣ ዘይት ተቀብተው፣ በመስመራቸው ላይ ናቸው። ጡረተኛው የአባቴን ስም ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና ወደ መስኮቱ ዳር ወስደው አንዱን ማሽን አሳዩኝ። «እዚህ ጋ ነበር የሚቆመው» አሉ። አንድ ሜትር ስፋት ላለው ለዚያ ሃዲድ ብሎኑም፣ አክሱሉም፣ መለዋወጫውም እዚህ ይሠራ ነበር፤ ከውጭ ሳይመጣ። ልጄ ማሽኑን ነካችውና ዘይቱን ጣቷ ላይ አየች። ያላየቻቸው አያቷ ምን ይሠሩ እንደነበር የጠየቀችውን ሁሉ፣ ጡረተኛው እጀታውን እያዞሩ መለሱላት። እኔ ብናገር እንዲህ አልችልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመር ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው፤ ይህ የድሮው ግን የድሬ እምብርት ነው። ማሽኖቹ ለብረት ዋጋ ሳይሸጡ፣ የሚያውቋቸው አዛውንት በሕይወት ሳሉ፣ በወጉ ሙዚየም ሊሆን ይገባዋል። ወጣት አስጎብኚዎች ከጡረተኞቹ ሥር ተቀምጠው ይማሩ። ድሬ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ቢጠይቅና መግቢያውን ቢከፍል ለዚህ ይጠቅማል።

ምሽት ላይ አክስቴ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘችን። ለልጄ የእጇን ቀለበት ሰጠቻት፤ ለእኔ በዘንቢሉ በርበሬ። «በስልክ ብቻ አትድከሚ፤ እንዲህ እያልሽ ነይ» አለችኝ። በጨለማ በረርን፤ ጓደኛዬ ቤት አደርን።

ቅዳሜ

ትልቁን ሻንጣ ይዘን በጊዜ ቦሌ ገባን። በርበሬው ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ ጥያቄ እንዳያስነሳ ለጓደኛዬ ትቼላት፣ ሐላዋውንና የተቆላውን ቡና ብቻ ይዘናል። ምግብ ይዞ ወደ ሌላ አገር የሚገባ ሰው የዚያን አገር ሕግ አስቀድሞ ቢያጣራ ጥሩ ነው።

ወንድሜ ጆሃንስበርግ ላይ ከመኪና ሳንወርድ ፎቶዎቹን ማየት ጀመረ፤ ቶርኖ ቤቱ ላይ ሲደርስ ስልኩን ለልጄ መልሶ «አንቺ ንገሪኝ» አላት። ማታ ለመጪው ታኅሣሥ ትኬት ሲያይ ነበር፤ ለንደን ሥራ አለው፣ በአዲስ አበባ በኩል ቆርጦ ቁልቢን ተሳልሞ ሊያልፍ። በታኅሣሥ 19 ሰሞን የድሬ በረራ ቶሎ ስለሚሞላ አሁኑኑ እንዲይዝ፣ አክስቴንም እንዲያስፈቅድ ነግሬዋለሁ፤ ካልነገራት ዘንቢሏን ይዛ በሩ ላይ አትጠብቀውም።